ተሰጥዎ የላትም

በእኛ ዘመን፣ ልጆቼ፣ ሰው በሁለት ነበር የሚከፈለው፤ እጅ የተሰጠውና እጅ ያልተሰጠው። ሦስተኛ አልነበረም። አንዱ በሬ ሥሎ ሲያሳያችሁ በሬው ሊያገሣ ይደርሳል፣ ሌላው ሲሥል በሬ ይሁን ድልድይ አይለይም፤ ታዲያ መምህሩ አንድ ጊዜ ያይና «አንተ እዚህ ቁም፣ አንቺ እዚያ ቁሚ» ይላል፣ በቃ። እና ያ መምህር ማን ነበር ብትሉኝ፣ እኔ ነበርኩ። ቅድም ይህች መምህርት ለመሆን የምትማረው ሕይወት «ጋሼ፣ ሥዕል በተፈጥሮ ነው ወይስ በልምምድ?» ብላ ስትጠይቀኝ ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ አይደለም። አይ፣ ልክ ልናገር፣ መልስም አጥቼ ነው። ነገር ግን ከመልሱ በፊት የሠራሁትን አንድ ስሕተት ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዕድሜዬ ልክ ከሠራሁት ሁሉ እንደዚያ ስሕተት የጠቀመኝ ነገር የለም።

ወሎ ውስጥ፣ መርሳ ከተማ ነበር የማስተምረው። የሳይንስ መምህር ነበርኩ፣ ሥዕልንም ደርበው ሰጥተውኛል፤ ለምን ቢባል፣ እኔ እጅ የተሰጠኝ ነኛ! ከልጅነቴ ጀምሮ በሬ እሥላለሁ፤ ጎረቤቱ ሁሉ «ይህ ልጅ ተሰጥኦ አለው» እያለ ነው ያሳደገኝ። ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ተሰጥኦ አለህ ስለተባልኩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንኑ በሬ ሣልኩ። ወደ ቀኝ የሚያይ በሬ። ወደ ግራ እንዲያይ ሞክሬም አላውቅ። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው።

ትምህርት ቤታችን መጻሕፍት ጥቂት ነበሩት፣ ስለዚህ የትምህርት መርጃ የምንሠራው በማዳበሪያ ነበር። ማዳበሪያ ስላችሁ ማሳ ላይ የሚበተነውን ማለቴ አይደለም፤ ነጩን ከረጢቱን ነው። ገበሬው ማዳበሪያውን ይበትናል፣ ከረጢቱን ተማሪው ይዞልን ይመጣል፣ እኛ በጎኑ ተርትረን፣ አጥበን፣ ዘርግተን የሰው አጽም እንሥልበታለን፣ የአፍሪካ ካርታ እንሥልበታለን፣ የልብ ሥዕል እንሥልበታለን፤ እና ከላይና ከታች ዱላ አስገብተን ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን። ይህን ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚሠሩ አራት ተማሪዎች ነበሩኝ፤ አራት አይደሉም፣ አምስት ነበሩ። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች አዲስ የሚመጣውን ሁለት ሳምንት እሞክረዋለሁ፤ እጅ የሌለውን አሰናብታለሁ። ሳሰናብትም ልጁ በጓደኞቹ ፊት እንዳያፍር ብዬ በአፌ ምንም አልናገርም፤ ለወላጅ አንዲት ወረቀት ጽፌ፣ አጥፌ እሰጠዋለሁ። ደግነት ይመስለኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ዓመት ሉባባ ይማም የምትባል የስድስተኛ ክፍል ተማሪ መጣች። አገሯ ግራና ነው፤ ግራናም አይደለም እንኳ፣ ከግራና ወጣ ያለ የገበሬ መንደር ነው። መርሳ አክስቷ ዘንድ ሆና ትማራለች፣ ለቅዳሜና እሑድ ወደ አገሯ ትሄዳለች። «ጋሼ፣ እኔም ልሥል» አለችኝ። «ግቢ፤ እስኪ ላም ሣዪልኝ» አልኳት። ሣለች። ወረቀቱን አነሣሁት፣ ዘቀዘቅሁት፣ መልሼ አቀናሁት።

«ሉባባ፣ ይህ አግዳሚ ወንበር ነው?»

«ላም ናት፣ ጋሼ።»

«ቀንዷስ የታለ?»

«ገና አልበቀለላትም፤ ጥጃ ናት።»

«ጥጃ ከሆነች ይህ ሁሉ ጡት ምንድን ነው?»

«እሱ እግሯ ነው።»

እንዲህ ነበር የጀመርነው። እና ሁለት ሳምንት ሞላ፤ ላሚቱ ከአግዳሚ ወንበርነት ፈቀቅ አላለችም። እኔም ወረቀቴን ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ፊደል ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነውና። እናንተ ዛሬ «ተሰጥኦ» ስትሉ በ«ኦ» ነው የምትጽፉት፤ ልክ ናችሁ። እኔ ግን በልጅነቴ የቄስ ትምህርት ቀመስ አድርጌ ስለነበር «በ‹ዎ› ካልተጻፈ ግእዙ ይፈርሳል» እያልኩ እከራከር ነበር፤ «ተሰጥዎ» ብዬ ነበር የምጽፈው። የሥራ ባልደረቦቼን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ አርሜያቸዋለሁ። ተሰጥዎ ግን ሌላ ቃል ነው! ቅዳሴ የምታስቀድሱ ታውቁታላችሁ፤ ካህኑ ሲል ሕዝቡ የሚመልሰው መልስ ነው ተሰጥዎ። ይህን ለጊዜው ረስቼው ነው። አይ፣ ለምን እዋሻለሁ፣ አላውቀውም ነበር። እና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ልጅዎን ሉባባ ይማምን በሥዕል ክፍል በነበራት የሁለት ሳምንት ቆይታ እንዳየኋት፣ ተሰጥዎ የላትም።» ፈረምኩ፣ ማኅተም አስደረግሁ፣ አጠፍኩ፣ «ለአባትሽ ስጪ» አልኳት። ዓርብ ነበር። ይዛው ሄደች።

ሰኞ ጠዋት፣ ሰኞም አይደለም፣ ማክሰኞ፣ አንድ ቀጠን ያሉ ሰው አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ፓፓያ በትከሻቸው ተሸክመው የክፍሌ በር ላይ ቆሙ።

«መምህር አንቱ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፣ ይግቡ።»

«አልገባም። መጀመሪያ እጅዎን ልሳም።»

«ኧረ በስመ አብ! ምን አድርጌ?»

«ይማም እባላለሁ፣ የሉባባ አባት። ያንን ወረቀት ጽፈው የላኩልን አንቱ ነዎት አይደል? አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው። ልጆችዎን ያሳድግልዎ።»

ልጅህ አትችልም ብዬ የላክሁበት ሰው ፓፓያ ተሸክሞ እጄን ሊስም መጣ! ይህ ሰው ሊዘብትብኝ ነው እንዴ አልኩ በልቤ። «ወረቀቱን… አነበቡት?» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

«እኔ ፊደል ከየት አምጥቼ! ለእርሷ እንዳላስነብባት ስለ ራሷ የተጻፈ ነው፣ ያሻትን ብትለኝስ? ጎረቤታችን መሪጌታ ጥበቡ አሉ። በዒድ እርሳቸው እኛ ዘንድ ናቸው፣ በፋሲካ እኛ እርሳቸው ዘንድ ነን። እርሳቸው ጋ ይዤ ሄድኩ፤ ታላቅ ወንድሜም አለ፣ የመንደሩ ሰውም አለ። መነጽራቸውን አደረጉና…»

እና አቶ ይማም መሪጌታን ሆነው ሲናገሩ ብታዩዋቸው! አንገታቸውን ወደ ኋላ ሰበቅ፣ ወረቀቱን ከዓይናቸው ራቅ፣ ድምፃቸውን በአፍንጫቸው አውጥተው፤

«‹ተ-ሰ-ጥ-ዎ የላትም።› እህህ! ተሰጥዎ ማለት ምንድን ነው? መልስ ነው! ካህኑ ሲል ሕዝቡ የሚመልሰው። እንግዲህ ተሰጥዎ የላትም ማለት መልስ የላትም፤ መልስ የላትም ማለት ቃል አትመልስም፤ ቃል አትመልስም ማለት ጨዋ ናት! ይማም፣ ልጅህ ጨዋ ናት ብሎ መምህሩ በማኅተም መሰከረልህ!»

አቶ ይማም ቀጠሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «መምህር፣ እውነቱን ልንገርዎ። ታላቅ ወንድሜ ‹ከተማ የገባች ልጅ አፍ ታወጣለች፤ አፍ ሳታወጣ መልሳት› ብሎ አስጨንቆኝ ነበር። በዚያ ሰንበት የመጣውም ነገሩን ሊያስቆርጠኝ ነው። በቃ ልንመልሳት ነበር፤ ትምህርቱም ሊቀር ነበር። ወረቀቱ ሲነበብ ግን ምን ይበል? ‹እንግዲያማ ትማር› አለ። አልሐምዱሊላህ! እና መምህር፣ አንድ አደራ አለኝ፤ ከዚያ ከሥዕሉ ቤት እንዳያስወጧት። ጨዋ የሆነችው እዚያ ነው።»

ልጆቼ፣ እስኪ እዩኝ። እኔ ሚኒባስ ላይ «እግዚሐብሔር» ተብሎ ተጽፎ ባየሁ ጊዜ ሾፌሩን አስቁሜ የማርም ሰው ነኝ። የሰርግ ጥሪ ሲመጣልኝ በቀይ አርሜ የመለስኩ ሰው ነኝ፤ አሁን አፍርበታለሁ፣ ግን አድርጌዋለሁ። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ስሕተት ሰምቶ እንዴት ዝም ይላል? አፌን ከፈትኩ። «አቶ ይማም፣ በዚህ ቃል ላይ ጥቂት…» አልኩ። አዩኝ። ፈገግታቸው እንዳለ ነው፣ ዓይናቸው ግን ፈራ።

«ምነው? ሌላ ነገር አለበት እንዴ?»

ባርም ልጅቱ በሳምንቱ ግራና ናት። ባላርም ማኅተም ያረፈበት ሐሰት በስሜ ይዞራል። እና እግዚአብሔር ይመስገን፣ አፌ ከእኔ ቀደመ፤ «የለበትም። መሪጌታ በትክክል አንብበውታል» አልኩ።

ሉባባ በዚህ ምክንያት እዚያው ሥዕል ክፍሉ ውስጥ ቆየች። እኔም አደራ ነውና አላስወጣኋት፤ ነገር ግን ማርከር አልሰጠኋትም፤ ከረጢት እጠቢ፣ ማስመሪያ ያዢ፣ ዱላ አምጪ እላታለሁ። አንድ ቀን ከክፍል ስመለስ የታጠበ ከረጢት መሬት ላይ ዘርግታ፣ ተንበርክካ፣ በጣቷ አንድ ነገር ትከተላለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«እየቆጠርኩ ነው።»

«ምኑን?»

«ክሩን። ጋሼ፣ ይህ እኮ ዝም ብሎ ነጭ አይደለም፣ የተሸመነ ነው። እናቴ ሌማት ስትሰፋ ሐረጉን የምታወጣው ቆጥራ ነው፤ አሥራ ሁለት ትቆጥርና ቀይ፣ አምስት ትቆጥርና ጥቁር። ዓይኗን ጨፍናም ብትሰፋ አትስትም። እኔም የአፍሪካን ካርታ ከመጽሐፉ ላይ በእርሳስ በትንንሽ ቤት ከፈልኩት፤ ለአንዱ ቤት ሃያ ሃያ ክር ቆጥሬ እዚህ ላምጣው ብዬ ነው።»

አመጣችው! እኔ በእጄ የምሥላት አፍሪካ ሆዷ አንድ ጊዜ ይነፋል፣ አንድ ጊዜ ይከሳል፤ የእርሷ አፍሪካ ቁርጥ መጽሐፉ ላይ ያለችውን ናት። እና ያንን ሁሉ ዓመት በከረጢት ላይ ስሥል ከረጢቱ ክር እንዳለው አላየሁም ነበር፤ አይቼዋለሁ፣ ግን ይጠቅማል ብዬ አላየሁትም። ታዲያ እስኪ ንገሩኝ፤ ይህ ተፈጥሮ ነው? እናቷ ናት ያስተማረቻት። ትምህርት ነው? ከእናታቸው ጎን ተቀምጠው ስፌት ያዩ የስንት ገበሬ ልጆች አስተምሬያለሁ፤ አንዳቸውም ያንን ክር አልቆጠሩትም። እዚህ ላይ እኔ እስከ ዛሬ እቆማለሁ።

ማርከሩን ሰጠኋት። የሰው ልብ ትሥል ጀመር፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእኔን ልብ እያየች። ጥቂት ቆየችና ዘወር አለች።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ‹ግራ› ብለው የጻፉት የማን ግራ ነው? የምናየው የእኛ ነው ወይስ የልቡ ባለቤት?»

«ዝም ብለሽ እንዳለ ገልብጪው።»

«እሱማ እርስዎ ገልብጠውታል። እኔ ደግሞ ብገለብጠው ሰውየው ምን ይሁን?»

ሄጄ አየሁ። እውነቷን ነው፤ ቀኝና ግራውን ለስንት ዓመት አዛውሬ አስተምሬያለሁ! ከረጢቱን አወረድኩ፣ አረምኩ፣ «አመሰግናለሁ፣ ሉባባ» አልኳት። እና ያቺ ወረቀት ትዝ አለችኝና ብቻዬን እስከ እንባዬ ሳቅሁ፤ በ«ኦ» ብታነቧት ሐሰት፣ በ«ዎ» ብታነቧት ሐሰት! በአንዲት ቃል ሁለት ስሕተት መሥራት፣ ይህም ተሰጥኦ ይፈልጋል።

ላሚቱንም አልተወቻትም። ሌሎቹ ወደ ቤት ሲሄዱ እርሷ በተቀደደ ከረጢት ጀርባ ላይ ያችኑ ላም ትሥላለች። በሰባተኛ ክፍል አግዳሚ ወንበሩ ጉልበት አወጣ። በስምንተኛ ክፍል መጨረሻ፣ ከኋላዋ የታየች፣ አንገቷን ዞር አድርጋ ጥጃዋን የምትልስ ላም ሣለች፤ እና እኔ አጠገቧ ተቀምጬ «እስኪ ይህን አንገት እንዴት እንዳዞርሽው አሳዪኝ» አልኳት። አሳየችኝ። በሬዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ግራ ያየው በዚያ ቀን ነው። ልጅቱን እግዚአብሔር ይባርካት፣ መምህሯን አስተማረች።

ዛሬ ሉባባ ሥዕል ለሚያስተምሩ መምህራን መምህርት ናት። እኔም ጡረታ ወጥቼ እዚህ ወልድያ ገባሁ። መሪጌታ ጥበቡ ዐረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማር። እና ዘንድሮ አቶ ይማም ለዓይን ሕክምና ወልድያ ሲመጡ «መምህሩን ሳልጠይቅ አልመለስም» ስላሉ፣ ሉባባ በባጃጅ ይዛቸው ቤቴ መጣች። ምርኩዝ ይዘዋል፣ ዓይናቸው ደመና ለብሷል። እንደተቀመጡ ምርቃቱን ጀመሩ፤ ያቺን ወረቀት እያነሡ፣ «ያቺ ወረቀት ባትኖር» እያሉ። እኔ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ምርቃቱ የእኔ አይደለምና። ብናገር ደግሞ ልጅቱ መምህሯ አንድ ቀን እንዴት እንደናቃት ትሰማለች፤ አባትየው ያን ሁሉ ዘመን ያመሰገኑት በከንቱ እንደሆነ ያውቃሉ። ግን እኒህን ሰው ከዚህ በኋላ መቼ አገኛቸዋለሁ?

«አቶ ይማም፣ አንድ ስሕተት ላርም» አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ፊደሉን፣ ትርጉሙን፣ «የለበትም» ያልኩትን።

ከዚያ የአቶ ይማም ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ደነገጥኩ፤ ለካ ሳቅ ነው!

«አይ መምህር! አንቱ ደግሞ! ሉባባ ቃል አትመልስም ቢባል ማን ያምናል? ወላሂ፣ እኔ በገዛ ቤቴ ተከራክሬ ረትቻት አላውቅም! መሪጌታ ያንን ሲያነቡ እናቷ ሻሿን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ወደ ጓዳ ሮጠች፤ እኔ በሰው ፊት መሳቅ አይሆንልኝ፣ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። እኔ እኮ አንቱ ለልጅቱ አዝነው፣ እንድትማር ብለው የዋሹልን መስሎኝ ነው ያንን ፓፓያ የተሸከምኩት!»

«አልዋሸሁም፣ አቶ ይማም፤ ተሳስቼ ነው።»

«እንግዲያው አላህ ነው ያሳሳተዎት። ያደረግሁልዎን ዱዓ አልመልስም፤ ይዘውት ይቆዩ!»

ሉባባ ግን አልሳቀችም። ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ መሬት መሬት ታያለች። «ሉባባ፣ ይቅር በዪኝ» አልኳት።

«ጋሼ፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ እኮ» አለች። «ማንበብ እችል ነበር።»

ተመልከቱ! ማንበብ ያስተማርናት እኛ፣ ማንበብ እንደምትችል የረሳሁት እኔ።

«መርሳን ሳልለቅ መንገድ ዳር ተቀምጬ ከፈትኩት። በ‹ዎ› መጻፉን አይቼ፣ እንዲህ ያለ ነገር ቢያንስ አስተካክሎ አይጻፍም? አልኩ። ምን ማለትዎ እንደሆነ ግን ገብቶኛል። አለቀስኩ። ልቀደውም ነበር። ኋላ መሪጌታ ሲያነቡት ዝም አልኩ።»

«ያን ሁሉ ዓመት አጠገቤ ተቀምጠሽ! ለምን አልመለስሽልኝም?»

«እርስዎ በአፍ ቢነግሩኝ በአፍ እመልስልዎ ነበር። የነገሩኝ በጽሑፍ ነው፤ እኔም በማዳበሪያ መለስኩ።»

አያችሁ እንግዲህ። ለመሪጌታ ምስጋና፣ ለአቶ ይማም ምስጋና፣ ከሁሉ በላይ ወረቀቴን ላላመነችልኝ ልጅ ምስጋና። እና ሕይወት፣ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ተሰጥኦ የለም አልልም፣ አለ። የማላውቀው ማን ዘንድ እንዳለ ነው፤ በሁለት ሳምንት አይታወቅም፣ በሁለት ዓመትም እንጃ። ስለዚህ አንቺም ነገ ስታስተምሪ «የለውም» ብለሽ እንዳትጽፊ፤ «አለው» ብለሽ ጻፊ። ቆይ፣ ይህም ልክ አይደለም፤ አለው መባል እኔን ስንት ዓመት እንዳስተኛኝ ነግሬያችኋለሁ። እንግዲህ ምን ይጻፍ? «ነገም ይምጣ» ብለሽ ጻፊ። አዎ፣ ይህን አላርመውም።

«እሺ ጋሼ» አለች ሕይወት፤ «ቅድም ከጥያቄው በፊት ያሳየሁዎትን የእኔን ሥዕልስ እንዴት አዩት? ዝም ነው ያሉኝ።»

«አየሁት፣ ልጄ። በደንብ አየሁት።»

«እና?»

«ነገም ነይ።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው ግን ራሷ ሕይወት ነበረች።